ልብን በዓይኑ ያየው ሐኪም፦ ዊልያም ሃርቪ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከእኛ ከግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች አንዱ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስለ ደም ዝውውር እንዲያስተምር ተመድቦ ነበር። በሰሌዳው ላይ የልብን ሥዕል በሚገባ ነደፈ፤ አራቱን ክፍሎች ለየ፤ ቀይና ሰማያዊ ጠመኔም አልጎደለውም። ችግሩ የመጣው ቀስት ሲያሰምር ነው። ደሙን ከቀኙ ላይኛ ክፍል አስነሥቶ፣ በግድግዳው በኩል ሰንጥቆ፣ በቀጥታ ወደ ግራው ላይኛ ክፍል አሻገረው። ተማሪው ሁሉ ዝም ብሎ ገለበጠ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ አለው ወይ ስትል ጠየቀች። ጓደኛችን ደንገጥ አለና አዎን አለው ብሎ አለፈ። ደወሉም ተደወለ።

ማታ መጽሐፉን ስንገልጥ ቀስቱ ስሕተት ሆኖ አገኘነው። መጀመሪያ ተሳሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ። በሰሌዳ ላይ ያለውን ስሕተት ዳስተር ያጠፋዋል፤ በልጆቹ ደብተር ላይ የተገለበጠውን ማን ያጠፋዋል? ነገሩን እያነበብን ስንሄድ ደግሞ የዚህን ስሕተት የቅርብ ዘመድ ታላላቅ ሐኪሞች ወደ 1,400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያስተምሩት እንደኖሩ ተረዳን። ያን ትምህርት ያፈረሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ስለሆነም በዚህ እትም የእርሱን የሕይወት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርቪ በ1578 በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፎክስቶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ሃርቪ ነጋዴ ነበር፤ በኋላም የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። ከወንድሞቹ ብዙዎቹ በለንደን ነጋዴዎች ሆኑ፤ የበኩር ልጅ የነበረው ዊልያም ግን ወደ ትምህርቱ አዘነበለ። በካንተርበሪ ተማረ፤ በ1593 ገና በ15 ዓመቱ ካምብሪጅ ገባ። ከዚያም በዚያን ጊዜ ሕክምና ለመማር ለሚሻ ሰው ከሁሉ የበለጠ ወደሚባለው ቦታ፣ ጣሊያን አገር ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። በ1602 የሕክምና ዶክትሬቱን ከዚያው አገኘ።

በፓዱዋ መምህሩ ፋብሪሲየስ ይባላል። ይህ መምህር በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ትናንሽ በሮች፣ ዛሬ ቫልቭ የምንላቸው፣ እንዳሉ ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበር። ምን እንደሚሠሩ ሲያስረዳ ግን ደሙ በአንድ ጊዜ ወደ እጅና እግር ወርዶ እንዳያጥለቀልቅ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ አለ። ሃርቪ አንድ ነገር ልብ አለ። በሮቹ ሁሉ የሚከፈቱት ወደ ልብ አቅጣጫ ነው። ወደ ልብ ብቻ የሚከፈት በር ከልብ የሚወጣውን ደም እንዴት ያሳልፋል? መምህሩ በሮቹን አሳየ፤ ተማሪው አቅጣጫቸውን አየ። በእኛ አስተያየት የሃርቪ ሥራ በሙሉ የተቀዳው ከዚህች ትንሽ ጥርጣሬ ነው።

ለመሆኑ በዚያን ዘመን ስለ ደም የሚታመነው ምን ነበር? ትምህርቱ የመጣው በሁለተኛው መቶ ዓመት ከኖረው ከግሪካዊው ሐኪም ከጋሌን ነው። እንደ ጋሌን አባባል ደም የሚሠራው ከምግብ በጉበት ውስጥ ነው። ከዚያ ልክ እንደ መስኖ ውኃ በሥሮች ቦይ እየወረደ አካልን ያጠጣል፤ ማሳው ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ ወደ ምንጩ የሚመለስ ነገር የለም። ከደሙ ጥቂቱ ደግሞ ከልብ ቀኝ ወደ ልብ ግራ ይሻገራል። በየት በኩል? በሁለቱ ታችኛ ክፍሎች መካከል ባለው ወፍራም ግድግዳ ውስጥ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነዋ! ቀዳዳዎቹን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ነገር ግን በመጽሐፍ ስለተጻፈ መምህር ለተማሪ፣ ተማሪም ለተማሪው ሲያቀብል ኖረ። የእኛ ጓደኛ ቀዳዳውን አንድ ፎቅ ከፍ አደረገው እንጂ ሌላ አዲስ ነገር አልፈጠረም።

ከሃርቪ በፊት የተጠራጠረ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በደማስቆ ተምሮ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ነፊስ ግድግዳው ድፍን እንደሆነና ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ ዞሮ እንደሆነ በ1242 ጽፏል። በአውሮፓም ሰርቬተስ የተባለው ሰው ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ በ1553 በጄኔቭ ከነመጽሐፉ በእሳት ተቃጠለ። የተገደለው በሃይማኖት ክርክር እንጂ በደም ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የዝውውሩን አንድ ክፍል ደርሰውበታል፤ ደሙ መላ አካልን ዞሮ ይመለሳል ብሎ በሙከራና በቁጥር ያስረዳው ግን ሃርቪ ነው።

ሃርቪ ወደ ለንደን ተመልሶ በ1604 ኤልሳቤጥ ብራውን የተባለች የሐኪም ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም። በ1609 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ፤ በ1615 ደግሞ በሐኪሞች ኮሌጅ የአናቶሚ አስተማሪነት ተሰጠው። ቁመቱ አጭር፣ መልኩ ጠየም ያለ፣ ዓይኑ ጥቁርና ትንሽ፣ ጠባዩም ቶሎ ቱግ የሚል እንደነበረ ይነገርለታል። ቡና ደግሞ ይወድ ነበር! በለንደን ቡና ቤት ገና ባልተለመደበት ጊዜ እርሱና ወንድሙ ኤልያብ ቡና ይጠጡ ነበር። ቡና ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ሳይጠቅስ ቢያልፍ አያምርበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሃርቪ ልብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ ሲነሣ መጀመሪያ ተስፋ ቆርጦ ነበር። የውሻ ወይም የአሳማ ልብ በጣም ይፈጥናል፤ የቱ እንደሚጨበጥ የቱ እንደሚላላ ዓይን አይለየውም። እንዲያውም የልብን እንቅስቃሴ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ወደ ማለት ደርሶ እንደነበር እርሱ ራሱ ጽፏል። በኋላ ግን ዘዴ አገኘ። ልባቸው ቀስ ብሎ የሚመታ እንስሳትን፣ እንቁራሪትን፣ እባብን፣ ዓሣን፣ ቀንድ አውጣን ተመለከተ። ሞቃት ደም ያላቸውንም ቢሆን ሊሞቱ ሲሉ፣ ልባቸው ሲዘገይ አያቸው። (በሕይወት ያለ እንስሳ መቅደድ በዚያን ዘመን የተለመደ ነበር። እኛ ይህን የምንጽፈው ማንም እንዲያደርገው አይደለም፤ ከታረደ በግ የሚገኘው ልብ ይበቃናል።)

ምን አየ? የልብ ምት የሚጀምረው ከላይ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ላይኛ ክፍሎች በአንድነት ይጨበጣሉ፤ ወዲያው ተከትለው ሁለቱ ታችኛ ክፍሎች ይጨበጣሉ። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ አንድ ይመስላሉ። ይህን ሲያስረዳ ውኃ የሚጠጣ ፈረስን ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ፈረሱ ውኃውን ስቦ ሲውጥ ብዙ ነገር በየተራ ይሠራል፤ የሚያይ ሰው ግን አንድ ጉርጉርታ ብቻ ይሰማል። ልብ ሊቆም ሲል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። መጀመሪያ ግራው ታችኛ ክፍል ያቆማል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ሁሉም ካቆሙ በኋላ ቀኙ ላይኛ ክፍል ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ከልብ ሁሉ መጨረሻ የሚሞተው እርሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ሃርቪ ሊያውቅ አልቻለም። መልሱ የተገኘው በ1907 ነው። አርተር ኪዝና ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ማርቲን ፍላክ በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ታላቁ የላይኛ ደም መልስ ሥር በሚገባበት አጠገብ፣ አንዲት ልዩ የሥጋ ጉብታ አገኙ። የልብን ምት የምታስነሣው እርሷ ናት። የምቱ ምንጭ እዚያ ከሆነ ከሁሉ ኋላ የሚቀረውም እዚያው ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

ሃርቪ በዚህ አላበቃም። ደሙ ወደ ታችኛው ክፍል የሚገባው ታችኛው ስቦት ነው ወይስ ላይኛው ገፍቶት? ይህን ለመለየት የልብን ጫፍ በመቀስ ቆረጠ። ላይኛው ክፍል በተጨበጠ ቁጥር ደሙ ከተቆረጠው ጫፍ ሲፈስ አየ። ስለዚህ ላይኛው ይገፋል አለ። እዚህ ላይ ዛሬ የሚታወቀውን መጨመር ተገቢ ነው። ሰውዬው ዕረፍት ላይ ሲሆን ከሚገባው ደም አብዛኛው፣ ከሦስት አራተኛው የማያንሰው፣ ላይኛው ክፍል ገና ሳይጨበጥ በተከፈተው በር በራሱ ይወርዳል። ላይኛው ክፍል ተጨብጦ የሚጨምረው የቀረውን ነው። ለዚህም ነው ግድግዳው ስስ የሆነው፤ የሚገፋው እታች ወዳለው ጎረቤቱ ብቻ ነውና። ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ የቦረናን ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ልቡ ሲቸኩል በራሱ የሚወርድበት ጊዜ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የላይኛው ክፍል ግፊት የበለጠ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ትክክለኛውን ቀስት እናስምር። ከላይና ከታች አካል የሚመጣው ደም በሁለት ታላላቅ ደም መልስ ሥሮች ወደ ቀኙ ላይኛ ክፍል ይገባል። ከዚያ ባለ ሦስት ክንፉን ቫልቭ አልፎ ወደ ቀኙ ታችኛ ክፍል ይወርዳል፤ ወደ ሳንባም ይላካል። በሳንባ አየር ከቀየረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ሥሮች ወደ ግራው ላይኛ ክፍል ይመለሳል፤ ባለ ሁለት ክንፉን ቫልቭ አልፎ ወደ ግራው ታችኛ ክፍል፣ ከዚያም በአዎርታ ወደ መላ አካል ይወጣል። ቀኝና ግራ ላይኛ ክፍሎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን አንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሳንባን መዞር አለበት። ሰማያዊ ጠመኔም ለሥዕል ያህል ነው። በደም መልስ ያለው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም። ይህንንም ለልጆቹ መንገር ሳይሻል አይቀርም።

ደሙ ዞሮ መመለሱን ሃርቪ ያሳመነን በሒሳብ ነው። ልብ በአንድ ምት ግማሽ አውንስ፣ ማለት 15 ግራም ያህል ብቻ ቢገፋና በግማሽ ሰዓት 1,000 ጊዜ ቢመታ፣ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ ደም ወጣ ማለት ነው። በመላ አካል ውስጥ እንኳን ይህን ያህል ደም የለም። ሰው በግማሽ ሰዓት ይህን የሚያህል ምግብ ይበላልን? ጉበትስ ከየት አምጥቶ ይሠራዋል? ደሙ ያው አንዱ ደም ካልሆነ በቀር ሒሳቡ አይዘጋም። ሃርቪ ሆን ብሎ ዝቅተኛውን ቁጥር ነበር የወሰደው። ዛሬ እንደሚታወቀው ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይገፋል። በሰዓት 300 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 15 ጊዜ ሞልቶ መሆኑ ነው። በአካል ያለው ደም ግን በሙሉ 5 ሊትር ገደማ ነው። ውኃ ከወንዝ የቀዳ ሰው ይህ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ እጃችን ላይ ነው። የነጠላ ቅዳጅ ከክርን በላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሥሮቹ ይነፋሉ፤ እዚህም እዚያም ትናንሽ ቋጠሮ ያያሉ። እነዚያ የፋብሪሲየስ በሮች ናቸው። በአንድ ጣት ከበሩ በታች ሥሩን ተጫኑና በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ጥረጉት። ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ከላይ ተመልሶ አይሞላም። የታችኛውን ጣት ስታነሡ ግን ወዲያው ይሞላል። ደሙ የሚሄደው ወደ ልብ ብቻ ነው ማለት ነው። መሣሪያ የለንም ለምንል ሰዎች ይህ ሙከራ ከአንድ ክንድ በቀር የሚጠይቀው የለም። (ማሰሪያውን ብዙ ሳታቆዩ ፍቱት።)

መጽሐፉ በ1628 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ታተመ። በላቲን የተጻፈች፣ 72 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ የማተሚያ ስሕተቷም ብዙ ነው። ለዚህች ቀጭን መጽሐፍ የተሰጠው መልስ ቀላል አልነበረም። ሰውየው አብዷል ተባለ፤ ወደ እርሱ የሚመጣው በሽተኛም ቀነሰ። በፓሪስ ዝነኛ የነበረው ሪዮላን አጥብቆ ተከራከረው፤ ሃርቪ መልሱን በጽሑፍ የሰጠው ከ21 ዓመት በኋላ በ1649 ነው። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያልፍባቸውን ረቂቅ ሥሮች ሃርቪ ሊያሳያቸው አልቻለም፤ መኖራቸውን ከሒሳቡ ተነሥቶ ገመተ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አይቶ በ1661 ሲያሳውቅ ሃርቪ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሃርቪ የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሐኪም ነበር፤ ንጉሡም ከጥብቁ የሚታደኑትን አጋዘኖች ለምርምር ይሰጠው ነበር። አንድ ጊዜ በልጅነቱ ደረቱ ተሰብሮ ቁስሉ ከነቀዳዳው የዳነ ወጣት መጣ፤ ሃርቪም ንጉሡም ጣታቸውን አስገብተው የሚመታ ልቡን ነኩ። ወጣቱ ሲነካ አልተሰማውም። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሃርቪ ከንጉሡ ጋር ሄደ። በለንደን የነበረው ማረፊያው ተዘረፈ፤ የብዙ ዓመት የምርምር ማስታወሻው ጠፋ። ከቤት ዕቃው ሁሉ ያ ወረቀት እንደሚያንገበግበው በኋላ ጽፏል። ለአንድ ሳምንት የትምህርት ማስታወሻ የሚያለቅስ ዕጩ መምህር ይህን ሐዘን ይረዳዋል።

አሁን ያቺ ልጅ ወደጠየቀችው ቀዳዳ እንመለስ። የሚያስገርመው ሃርቪ በመጽሐፉ ስለ እርሱም መጻፉ ነው። በማሕፀን ያለ ፅንስ ሳንባው አይተነፍስም፤ ደሙም በሳንባ የሚዞርበት ምክንያት ትንሽ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ላይኛ ክፍሎች መካከል እንቁላል ቅርጽ ያለው መሻገሪያ አለ። ከእናት የመጣው ደም በዚያ በኩል ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ከሳንባ የሚመለሰው ደም በዝቶ የግራው ግፊት ያይላል፤ ስስ መዝጊያውም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ውሎ አድሮም ይጣበቃል። ከአራት ጎልማሶች በአንዱ ያህል ሙሉ በሙሉ ሳይጣበቅ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳት አያመጣም። እንግዲህ የጓደኛችን ቀስት ገና ላልተወለደ ልጅ ትክክል ነበረች ማለት ነው!

በአገራችን የላይኛው ክፍል ነገር ከሥዕል አልፎ የሚያሳስብ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚይዝ አንድ ዓይነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ያመጣል፤ የልብን ቫልቭም ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የግራው ባለ ሁለት ክንፍ ቫልቭ ነው። በሩ ሲጠብ ደሙ በግራው ላይኛ ክፍል ይጠራቀማል፤ ያ ስስ ግድግዳ ይለጠጣል፤ ግፊቱም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከእኩዮቹ ኋላ ይቀራል፤ እኛም ሰነፍ እንለዋለን። የጉሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ይህ አይመጣም፤ አንዴ የታመመም በየሦስትና አራት ሳምንቱ መርፌ እየወሰደ እንዳይብስበት ይጠበቃል። በሳይንትም ሆነ በለጋምቦ፣ በከላላም ሆነ በወግዲ የሚመደብ መምህር ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ቦታ ይህን ምልክት ከወላጅ ቀድሞ ሊያይ ይችላል።

ሃርቪ በ1651 ስለ እንስሳት መራባት ሁለተኛ ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ለዚህም የታቀፉ እንቁላሎችን በየቀኑ እየሰበረ ሲመለከት ኖሯል፤ በአራተኛው ቀን ገደማ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ነጥብ አየ፤ ስትጨበጥ ትጠፋለች፣ ስትላላ ትታያለች። የልብ መጀመሪያ እርሷ ነበረች። በ1654 የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንትነት ቢሰጠው አርጅቻለሁ ብሎ አልተቀበለም። በ1657 በ79 ዓመቱ አንደበቱ ተይዞ በዚያው ሞተ። ሄምፕስቴድ በምትባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ትምህርቱ በዓለም ተቀባይነት ሲያገኝ በዓይኑ ለማየት በቅቷል።

እኛስ ምን አደረግን? በበዓሉ ከታረደው በግ ልቡን ለምነን ወሰድን። የላይኛዎቹ ክፍሎች ልክ እንደ በግ ጆሮ ተጣጥፈው በሁለት ወገን ተንጠልጥለዋል፤ በድሮ መጻሕፍት ኦሪክል የተባሉት በላቲን ትንሽ ጆሮ ለማለት ነውና ስሙ ያን ጊዜ ገባን። ቀኙን በምላጭ ከፍተን በመካከለኛው ግድግዳ ላይ በጣት ስንዳስስ አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ አገኘን። በሳምንቱ ጓደኛችን ልቡን በጨው አሽቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደዚያው ክፍል ገባና ከሁሉ አስቀድሞ የተሳሳተው እርሱ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ያችን ልጅ ጠርቶ ልቡን አስያዛት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ስታየው ሌላው ግድግዳ ጨለማ ሆኖ ያች ጎድጓዳ ቦታ ብቻ ብርሃን አሳለፈች፤ ድፍን ናት፣ ግን ስስ ናት። ግልገሉ በእናቱ ሆድ ሳለ ክፍት የነበረችው ቦታ።

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ቀስቱን ሰረዘች። ልቡን መልሰን ስንጠቀልል ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ሳለስ ግድግዳው ክፍት ነው ወይ አለች። በሚቀጥለው ዶሮ ሲታረድ ልቡን አብረን ልናይ ተቀጣጠርን።